«ጉግል ላይ የለሁም» ለምትለው የጅማ እህት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ አለን። በርጩማ፣ ረከቦት፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን እንሠራለን፤ ትእዛዝ ከመጣም የካፌ ወንበርና ጠረጴዛ። ከዓመት በፊት አንድ ልጅ ዌብሳይት ሠራልን፣ ደስ ብሎን ነበር። ልጁ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገባ። ጉግል ላይ «ጅማ ፈርኒቸር» ብዬ ስፈልግ ሌሎች ይመጣሉ፣ የእኛ የለም። «የጅማ በርጩማ» ብዬም አይመጣም። ዌብሳይቱን አይቶ የደወለልን ሰው አላስታውስም። ደንበኞቻችን የሚመጡት በሰው በሰው ወይ በቴሌግራም ነው። አሁን አንድ ሰው «30 ሺህ ብር ክፈሉኝ፣ በአንድ ወር ጉግል ላይ አንደኛ አወጣችኋለሁ» ይለናል። ባለቤቴ እንክፈል እያለ ነው፣ እኔ ፈርቻለሁ። ምን ትመክረኛለህ?
ባለ ወርክሾፗ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ የቸኮለውን ላስቀድም። 30 ሺህ ብሩን አትክፈሉ። ባለቤትሽ ቀብድ ሰጥቶም ከሆነ እዚያው ላይ ይቁም።

ሰውየው አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም፤ አላውቀውም። ግን እሸጥላችኋለሁ ያለው ነገር እሱ እጅ ላይ የለም። ጉግል የፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ለማድረግ ከማንም ገንዘብ አይቀበልም። እንዲያውም ለባለ ዌብሳይቶች ባወጣው መመሪያ ላይ ማንም አንደኛ ደረጃን ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ራሱ ጽፎታል። በገንዘብ የሚገኘው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው «ስፖንሰርድ» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ክፍያው ሲቆም እሱም ይጠፋል። ምናልባት ሰውየው ያሰበው ከ30ው ሺህ ላይ ጥቂቱን ለማስታወቂያ አውጥቶ የቀረውን ኪሱ መክተት ይሆናል።

ደግሞም «አንደኛ» ሲባል በምን ቃል ተፈልጎ ነው? የድርጅታችሁን ሙሉ ስም ጽፎ «ይኸው» ሊላችሁ ይችላል። በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ድርጅት ከሌለ ማን ሊቀድማችሁ ነው? ወይም ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ ይፈልግና ያሳያችኋል። ጉግል ፈላጊው የት እንዳለ ስለሚያይ አጠገቡ ያለውን ያስቀድምለታል። ቦሌ ተቀምጦ ለካፌው 20 በርጩማ የሚፈልገው ሰው ግን የሚያየው ሌላ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ያንን ሰው ነው።

አሁን ወደ እናንተው ገጽ እንምጣ። የላክሽልኝን አድራሻ በስልኬ ከፈትኩት። ቀስ እያለ ቢሆንም ተከፈተ። ቀጥዬ ያየሁት ጉግል ይህን ገጽ ጭራሽ ያውቀዋል ወይ የሚለውን ነው። አንቺም ልታዪው ትችያለሽ። ጉግል መፈለጊያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሳይት» ብለሽ ጻፊ፣ የላይና የታች ሁለት ነጥብ አድርጊ፣ ክፍት ቦታ ሳትተዪ የዌብሳይቱን አድራሻ አስከትዪ። ጉግል ከዚያ ዌብሳይት የመዘገባቸው ገጾች ይመጡልሻል። የእናንተን ስሞክረው ባዶ ነው። አንድም ገጽ የለም። ስለዚህ ችግሩ 50ኛ ወይ 100ኛ መሆናችሁ አይደለም፤ መዝገቡ ላይ ጭራሽ የላችሁም።

ለምን? የገጹን ኮድ ገልጬ አየሁት። ከላይ በኩል «ኖኢንዴክስ» የምትል ትእዛዝ ተቀምጣለች። ጉግልንም ሆነ ሌላውን ፈላጊ ይህን ገጽ አትመዝግብ የምትል ናት። ዌብሳይታችሁ የተሠራው ዎርድፕረስ በሚባል የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ዎርድፕረስ ውስጥ ሴቲንግስ ትገቢያለሽ፣ ከዚያ ሪዲንግ። እዚያ ታች ላይ የፍለጋ ሞተሮች ሳይቱን እንዳይመዘግቡ የምትከለክል አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ባለሙያዎች ሥራው እስኪያልቅ ምልክት ያደርጉባታል፤ ግማሽ የተሠራ ገጽ ሰው እንዳያይባቸው። ጥሩ ልማድ ነው። ሲጨርሱ ማንሳቱን ግን ይረሱታል። የእናንተም ልጅ ረስቶት ነው የሄደው። ሱቅ ከፍታችሁ፣ ዕቃ ደርድራችሁ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅራችሁ ነው ዓመት ሙሉ የተቀመጣችሁት።

ምልክቷን ማንሳት ደቂቃ አይፈጅም። ያ ሰው ቢከፈለው ኖሮ ምናልባት መጀመሪያ የሚያደርገው ይህችኑ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በድርጅታችሁ ስም ስትፈልጉ ብቅ ትላላችሁ፣ እናንተም መርቃችሁ ትሸኙታላችሁ።

ለማንሳት ግን መግቢያው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ። የወርክሾፑ ቁልፍ ጎረቤት እጅ ቢያድር እንቅልፍ የማይወስደው ነጋዴ፣ የዌብሳይቱን ፓስወርድ ሲጠየቅ «ልጁ ጋ ነው» ይላል፤ ልጁም ስልክ ቀይሯል። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውዪለት። በቁጣ አታናግሪው፤ አሁን የእሱ ትብብር ያስፈልግሻል። ሦስት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ የዌብሳይቱ ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ የተመዘገበው በማን ኢሜይል ነው? ሁለተኛ፣ ዌብሳይቱ የተቀመጠበት ሆስቲንግ የት ነው፣ መቼስ ይታደሳል? ሦስተኛ፣ የዎርድፕረሱ ዋና መግቢያ። ሦስቱም ወደ አንቺ ኢሜይል ይዙሩ። በተለይ የመጀመሪያውን አትተዪ። ዶሜይን በየጊዜው ተከፍሎበት የሚታደስ ነገር ነው። የማስታወሻው ኢሜይል ልጁ ጋ እየደረሰ እሱ ካላየው ስሙ ይጠፋል፤ ሌላ ሰውም ሊወስደው ይችላል።

ሳጥኗን ካነሳሽ በኋላ ጉግል ሰርች ኮንሶል ወደሚባለው ቦታ ግቢ። ነፃ ነው። ዌብሳይቱ የአንቺ መሆኑን እዚያ ታረጋግጫለሽ። ከዚያ ሳይትማፕ ይጠይቅሻል፤ የገጾችሽ ዝርዝር ማለት ነው። ዎርድፕረስ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ራሱ ያዘጋጀዋል፣ አንቺ አድራሻውን ብቻ ትሰጫለሽ። የመጀመሪያውን ገጽ አድራሻ ደግሞ ከላይ ባለው መፈለጊያ አስገብተሽ እንዲመዘገብ ጠይቂ። ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በየሰዓቱ እየከፈትሽ አትጨነቂ። ይህ ሰርች ኮንሶል ውሎ አድሮ ሌላም ይጠቅምሻል፦ ሰዎች ምን ብለው ጽፈው እንዳገኙሽ በቃላቸው ያሳይሻል። ይህን የሚያህል የገበያ መረጃ በብርም አይገኝ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በሩን መክፈቻ ነው። አሁን ሰው ቢገባ ምን ያገኛል?

እውነቱን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ገጽ ስከፍት አንድ ትልቅ ፖስተር አገኘሁ። በርጩማው፣ ስሙ፣ ስልኩ፣ ጅማ የሚለው ሁሉ ፖስተሩ ላይ ነው፤ ማለት ምስል ነው። ከሥሩ የተጻፈው ጽሑፍ ደግሞ «እንኳን ደህና መጡ። ድርጅታችን ጥራት ያላቸውን ምርቶች በተመጣጣኝ ዋጋ ለክቡራን ደንበኞቹ ያቀርባል» ይላል። ሌላው ገጽ «ስለ እኛ» ነው፣ ራዕይና ተልዕኮ አለው። ሌላው ፎቶ ነው። ገጾቹን ሁሉ ዞሬ «በርጩማ» የሚለውን ቃል ፈለግሁት። አንድም ቦታ አልተጻፈም! «ጅማ»ም ያለው ምስሉ ላይ ብቻ ነው። የገጹ ርዕስ፣ ያ ጉግል ላይ በሰማያዊ የሚታየው መስመር፣ «ሆም» ይላል።

ጉግል የሚያነበው በዋናነት ጽሑፍ ነው። ምስል ላይ ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ተማምነሽ አትቀመጪ። «ጥራት ያላቸው ምርቶች» የሚለውን ደግሞ ሳሙና ፋብሪካም ይለዋል፣ ብሎኬት አምራችም ይለዋል። ማን ነው ጉግል ላይ «በተመጣጣኝ ዋጋ የሚያቀርብ ድርጅት» ብሎ የሚፈልግ? ሰው የሚፈልገው «የጅማ በርጩማ ዋጋ» ብሎ ነው። «ረከቦት የት ይገኛል» ብሎ ነው።

ምን እንደምትጽፊ ለማወቅ ባለሙያ መቅጠር የለብሽም። ስልክሽን አንሺ። የቴሌግራም መልእክቶችሽን ወደ ላይ እየሳብሽ ደንበኞች የጠየቁሽን አንብቢ። አንድ ደብተር ወርክሾፑ ውስጥ አስቀምጪ፤ ስልክ የሚያነሳው ሁሉ የተጠየቀውን በጠያቂው አነጋገር ይጻፍበት። እኔ በግምት ልንገርሽ፦ በርጩማው ስንት ነው? ከምን እንጨት ነው? ቁመቱ ለረከቦት ይሆናል? ብዙ ብወስድ ትቀንሱልኛላችሁ? አዲስ አበባ ትልካላችሁ? የጭነቱን ማን ይከፍላል? ስንት ቀን ይፈጃል? ሲቆይ አይሰነጠቅም? ለእነዚህ ሁሉ በቀን ስንት ጊዜ በቃል ትመልሻለሽ። ዌብሳይቱ ላይ ግን አንዱም መልስ የለም። ሥራሽ ያንን መልስ መጻፍ ነው። የዚህ ሁሉ ምክሬ እምብርቱ ይኼ ነው፤ ሌላው ማሟያ ነው።

ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ገጽ ይኑረው። በርጩማ ለብቻው፣ ረከቦት ለብቻው፣ የካፌ ወንበርና ጠረጴዛ ለብቻው፣ አልጋ ለብቻው። ሁሉን አንድ ገጽ ላይ ማጎር አይጠቅምም። የበርጩማው ገጽ ርዕስ «የጅማ በርጩማ፦ ባለ ሦስት እግር፣ ከዋንዛ እንጨት» ሊሆን ይችላል፤ ከኋላው የድርጅታችሁ ስም። ከሥሩ ደግሞ ይህን የመሰለ ጻፊ። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ አንቺ በራስሽ ቀይሪው፦

«ይህ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጅማ በሚገኘው ወርክሾፓችን በእጅ ይሠራል። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ እግሩ ላይ ሙጫም ምስማርም የለውም። ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር፣ የመቀመጫው ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለቡና ማፍያ ረከቦት ልክ ይመጣል። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ አንሠራም፣ ስለዚህ ከ10 በላይ ካዘዙ እስከ ሦስት ሳምንት ይጠብቁን። ወደ አዲስ አበባ በመኪና እንልካለን፣ የጭነቱን ሂሳብ የሚከፍለው ገዢው ነው።»

አየሽ? ራዕይ የለም፣ ተልዕኮ የለም። ግን ቦሌ ያለው ባለ ካፌ የሚፈልገው ሁሉ አለ። ሳታስቢውም «ጅማ»፣ «በርጩማ»፣ «ዋንዛ»፣ «ረከቦት»፣ «አዲስ አበባ» የሚሉት ቃላት ገብተዋል። እንዲህ ሲሆን ነው የሚያምረው። ቃሉን በግድ እየደጋገሙ «የጅማ በርጩማ ምርጥ የጅማ በርጩማ ርካሽ የጅማ በርጩማ» ማለት ግን ጉግል እንደ ማጭበርበር የሚቆጥረው ነገር ነው፤ ለአንባቢም ይቀፋል። በነጭ ወረቀት ላይ በነጭ ቀለም ደብቆ መጻፍም እንደዚያው። «ኪወርድ» የሚባለውን ኮድ ውስጥ የሚገባ ዝርዝር ሞላሁላችሁ የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ሻይ ጋብዘሽ ሸኚው። ጉግል ያንን ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. በይፋ ተናግሯል።

ዋጋውን ጻፊ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ቴሌግራም ላይ ይሠራ ይሆናል፤ ጉግል ላይ ግን «ዋጋ» ብሎ የሚፈልግን ሰው ወደ ሌላ መሸኛ ነው። ተፎካካሪ ያየዋል ብለሽ አትፍሪ፤ ከጎንሽ ያለው አናጢ ዋጋሽን ካንቺ በላይ ያውቀዋል። እንጨት በየጊዜው ይወደዳል ካልሽም «ከዚህ ጀምሮ» በዪና ዋጋው የወጣበትን ወር ጻፊበት። ሲቀየር አንድ መስመር ነው የምትለውጪው።

ቀጥሎ ያለው ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ልዩ ጣጣ ነው። ሰው ሲፈልግ እንደ መዝገበ ቃላት አይጽፍም። «ዕቃ» የሚል አለ፣ «እቃ» የሚል አለ። «ቁም ሳጥን» ለያይቶ የሚጽፍ አለ፣ አጣብቆም። ጉግል ከድሮው ተሻሽሏል፣ ብዙ ጊዜ ያዛምደዋል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንቺ በርዕሱ አንዱን ብትጽፊ ከታች ባለው ጽሑፍ ሌላውን በተፈጥሮው አስገቢው። የቋንቋ መምህር ቅር ቢለው ይቅር ይበለን።

የከተማችን ስም ራሱ በላቲን ፊደል ስንት መልክ አለው። በአንድ «ኤም» የሚጽፉት አሉ፣ በሁለት የሚጽፉት አሉ። በአፋን ኦሮሞ መጨረሻው ላይ «ኤ»ው ይደገማል። ቡና ላኪዎች ዘንድ ደግሞ ከፊት «ዲ» የሚጨመርበት፣ ከኋላ «ኤች» ያለው የቆየ አጻጻፍ እስከ ዛሬ አለ። ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ እንግዳ ማታ ሆቴሉ ተኝቶ ስለ በርጩማ ሲፈልግ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከአጋሮ ወይ ከሰቃ የሚመጣው ደንበኛሽ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ የበርጩማውና የረከቦቱ ገጽ በሦስቱም ቋንቋ ይኑር፤ ሦስቱን አንድ ገጽ ላይ ሳትቀላቅዪ፣ እያንዳንዱን ለብቻው። በማሽን ተርጉመሽ እንዳለ አትለጥፊው። ጅማ ላይ ሁለቱንም ቋንቋ አሳምሮ የሚጽፍ ወጣት ሞልቷል፣ ከዩኒቨርሲቲው ብቻ ስንቱ ይገኛል። የተወሰነ ብር ከፍለሽ አስጽፊ። ይህ የሚገባው ወጪ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ላክልበት። የድሮ ብሮሹር ካላችሁና ጽሑፉን ከዚያ ኮፒ የምታደርጉ ከሆነ፣ በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፈ እንዳይሆን። እነዚያ ፎንቶች ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በሚጋራው የፊደል አሠራር ስላልሆኑ እናንተ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የሚመስለው ሌላ ሰው ስልክ ላይ የምልክት ጋጋታ ይሆናል፤ ጉግልም የሚያየው ያንን ጋጋታ ነው። በስልክሽ ኪቦርድ እንደገና ጻፊው፣ ይገላግልሻል።

አሁን ወደ ካርታው። ለእንደናንተ ዓይነት ሥራ ካርታው ከዌብሳይቱ እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ያመጣል። ጅማ ላይ ቦታ የምናመላክተው በመንገድ ስም አይደለም፤ «ፈረንጅ አራዳ ስትደርስ ደውልልኝ» ነው። እንግዳ ሰው ግን የሚያየው ካርታ ነው። «ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል» የሚባለውን በነፃ ክፈቺ። ስሙ ላይ በር ላይ የሰቀላችሁትን ስም ብቻ ጻፊ፤ «ምርጥ ርካሽ ፈርኒቸር በጅማ» ብለሽ አታስረዝሚው፣ ክልክል ነው፣ ጉግል ሊዘጋብሽም ይችላል። የሥራውን ዓይነት በትክክል ምረጪ። ምልክቷን ካርታው ላይ ከሰፈሩ መሃል ሳይሆን ልክ በራችሁ ላይ ትከዪ። ካርታው «ፕላስ ኮድ» የሚባል አጭር የፊደልና የቁጥር አድራሻም ይሰጥሻል። የመንገድ ስም ለሌለን ሰዎች የተሠራ የሚመስል ነገር ነው፤ ዌብሳይቱ ላይም ቴሌግራሙ ላይም ለጥፊው።

ጉግል ድርጅቱ የእውነት መኖሩን ለማረጋገጥ አሁን አሁን ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ይጠይቃል። ከመንገዱ ጀምረሽ፣ የበራችሁን ጽሑፍ አሳይተሽ፣ በቁልፍ ከፍተሽ ገብተሽ፣ ማሽኑንና በሥራ ላይ ያለውን እንጨት ሳታቋርጪ ቅረጪ። ታፔላ ከሌላችሁ መጀመሪያ ታፔላ አሠሩ።

የሥራ ሰዓት ስትሞዪ ተጠንቀቂ። እኛ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» እንላለን። እዚያ ላይ 2 ብለሽ ከጻፍሽ ጉግል የሚረዳው ከሌሊቱ 8 ሰዓትን ነው። ካርታ ላይ በእኩለ ሌሊት ተከፍተው ረፋዱ ላይ የሚዘጉ ሱቆች አይቼ ስቄያለሁ፤ ባለቤቶቹ ግን ደንበኛ «ዝግ ነው» ብሎ እንደሚመለስባቸው አያውቁም። የእኛ 2 ሰዓት ጠዋት እዚያ 8 ኤኤም ነው፣ የእኛ 12 ሰዓት ማታ ደግሞ 6 ፒኤም።

ዕቃውን ወስዶ የተደሰተ ደንበኛ አስተያየት እንዲጽፍልሽ ሊንኩን ላኪለት። መጠየቅ ነውር የለውም። «ከጻፍክ እቀንስልሃለሁ» ማለት ግን አይፈቀድም። ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ አምስት ኮከብ ማሰጠትም ይነቃበታል። ቅሬታ የጻፈ ካለ አትደብቂው፣ አትሳደቢውም፤ ምን እንደተደረገለት በአጭሩ መልሺለት። ቀጣዩ ገዢ ከቅሬታው ይልቅ መልሱን ነው የሚያየው።

ፎቶውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ገጽሽ የዘገየው ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ ስለተጫኑ ነው። ጉግል ዌብሳይትን የሚመዝነው በስልክ በሚታየው መልኩ ነው፣ ደንበኛሽም የሚከፍተው በሞባይል ዳታ ነው። ቀላሉ ዘዴ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለራስሽ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ መላክ ነው። መጠኑ ወርዶ ይመጣል፣ እሱን ትጭኛለሽ። ከመጫንሽ በፊት የፋይሉን ስም ከቁጥር ወደ ዕቃው ስም ቀይሪ። ዎርድፕረስ ላይ «ኦልት» የሚል ባዶ ቦታ ታገኛለሽ፤ ፎቶው ላይ ያለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊበት። በቃ።

ሌሎች ዌብሳይቶች ወደ እናንተ ሊንክ ማድረጋቸው ይጠቅማል፣ ጉግል ከተመሠረተበት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያየው ነገር ነው። በብር የሚሸጡ ሊንኮች ግን አሉ፤ እነሱን አትንኪ፣ ከመመሪያው ውጭ ናቸው። ይልቅ ወንበር የሠራችሁላቸው ሆቴሎችና ካፌዎች ዌብሳይት ካላቸው «ዕቃዎቹን የሠሩልን» ብለው ስማችሁን እንዲያስገቡ ጠይቂ። እንግዳ ወደ ጅማ የሚያመጡ አስጎብኚዎችንም። አንድ እውነተኛ ሊንክ ከተገዛ መቶ ይበልጣል።

ቴሌግራሙንስ? እንዳትተዪው! እንጀራሽ እሱ ላይ ነው። ግን እዚያ የለጠፍሽው በማግስቱ ከሥር ይቀበራል፣ ጉግል ላይም እምብዛም አይገኝም። ለቴሌግራም አንድ ደህና ማብራሪያ ከጻፍሽ ኮፒ አድርገሽ ዌብሳይቱም ላይ አስቀምጪው። ቻትጂፒቲን «ጅማ ላይ በርጩማ ማን ይሠራል» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት እየበዛ ነው፤ እሱም ቢሆን ከኢንተርኔት ላይ የሚያመጣው የተጻፈውን ነው።

ውጤቱን በአንድ ወር አትጠብቂ። ጉግል ራሱ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ነው የሚለው። «ፈርኒቸር» በሚለው ባዶ ቃል ከአዲስ አበባ ትልልቅ ቤቶች ጋር መጋፋትም አይመከርም፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማና ረከቦት ላይ ግን የሚጻፈው በአማርኛ ጥቂት ነው፣ ቦታው ክፍት ነው። በርጩማው ደግሞ የእናንተው ከተማ ስም አለበት።

ባለቤትሽ «ገንዘቡን ካላወጣን አይሆንም» ካለ እሺ በይው። ከ30ው ሺህ ላይ ጥቂቱን ለአንድ ፎቶ አንሺ ክፈሉ፤ ወርክሾፑን፣ ሥራውን፣ ያለቀውን ዕቃ በቀን ብርሃን ያንሳላችሁ። ጥቂቱን ለአፋን ኦሮሞና ለእንግሊዝኛው ጸሐፊ። ጥቂቱን ለዶሜይኑና ለሆስቲንጉ እድሳት አስቀምጡ። የቀረው እንጨት ይግዛበት። ያ ሰው ተመልሶ ቢመጣ ደግሞ «በየትኛው ቃል ነው አንደኛ የምታወጣን? ምን ምን ትቀይራለህ? የምትቀይረውን በጽሑፍ ስጠን» በዪው። በደህና ከመለሰ፣ የሠራውን ሥራ በሥራው ዋጋ መክፈል ይቻላል።

ልረሳው ነበር። «ያግኙን» የሚለው ገጽ ላይ ያለው ስልክ በ09 ይጀምርና 9 አሃዝ ላይ ያልቃል፤ አንድ ቁጥር ጎድሎታል። ዌብሳይቱን አይቶ የደወለ የለም ላልሽው አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ስለሚችል፣ ልጁ መግቢያውን እንደሰጠሽ መጀመሪያ እሱን አስተካክዪ።